«የመሥሪያ ቤት ነው» ያልኳት ዩት

ንዴቴ አልበረደም። ተረጋግቶ ነው የጻፈው የሚል ሰው ካለ አያውቀኝም፤ ኪቦርዱን እንደ ነጋሪት እየጎሰምኩት ስለሆነ ባለቤቴ ከማዕድ ቤት «ምን አደረገህ እሱ ደግሞ?» ብላ ጮኻብኛለች።

ነገሩ የመኪና ነው። እዚህ ሜልበርን «ዩት» ይሏታል፤ አገር ቤት ፒክአፕ የምንላት፣ ከኋላዋ ክፍት የጭነት ሳጥን ያላት። ሥራዬ የሱፐርማርኬትና የሥጋ ቤት ማቀዝቀዣ መጠገን ነው። ድሮ መሥሪያ ቤታችን የራሱ ቫኖች ነበሩት። አንድ ቀን አለቃችን ቫኖቹን ሸጠና ሰብስቦን «ከእንግዲህ እያንዳንዳችሁ «ኖቬትድ ሊዝ» በሚባል ኪራይ ዩት ትይዛላችሁ፤ ለእናንተም ይጠቅማችኋል» አለን። አለቃ «ለእናንተም ይጠቅማችኋል» ሲል ሰው ኪሱን በሁለት እጁ መያዝ አለበት። አልያዝኩም።

በማግስቱ ከሊዝ ድርጅቱ አንድ ሻጭ ደወለልኝ። ድምፁ ማር ነው፤ ስልኩን ከጆሮዬ ሳነሳ ንብ ይከተለኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። እንዲህ ሲል አስረዳኝ፦ መኪናዋን የፋይናንስ ድርጅት ይገዛታል። መሥሪያ ቤቴ ደግሞ ኪራይዋን፣ ነዳጇን፣ ኢንሹራንሷን፣ ጎማዋን ሳይቀር ከእኔው ደሞዝ ላይ እየቆረጠ ይከፍላል። የሚቆርጠው ግን ግብር ከመነሳቱ በፊት ስለሆነ፣ ግብሩ የሚታሰበው ከተረፈው ላይ ብቻ ነው። «ሳላሪ ሳክሪፋይስ» ይባላል አለኝ። ደሞዝን መሠዋት ማለት ነው። ስሙን ሰምቼ እንኳ አልነቃሁም። በግ እንኳ ቢላ ሲሳል ዞር ብሎ ያያል!

«ዋናውን ደግሞ ስማ» አለኝ። መሥሪያ ቤት ለሠራተኛው መኪና ሲያዘጋጅ መንግሥት የጥቅማ ጥቅም ግብር ይጥልበታል፤ ያም ግብር ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው ሠራተኛው ላይ ነው። የእኔዋ ግን ከአንድ ቶን በላይ የምትጭን የሥራ ዩት ስለሆነች ከዚህ ግብር ነፃ ናት። ነፃ! ከዚያ ድምፁን ዝቅ፣ ፍጥነቱን ከፍ አድርጎ፣ የመድኃኒት ማስታወቂያ መጨረሻ ላይ እንደሚያነበንበው ሰውዬ «ለግል ጉዳይ የምትጠቀምባት ጥቂት፣ አልፎ አልፎና ያልተዘወተረ እስከሆነ ድረስ ነው» አለ።

«እሺ» አልኩት። ነፃ የሚለውን ቃል የሰማ ሀበሻ ከዚያ በኋላ ያለውን ይሰማል እንዴ?

እውነቱን ለመናገር፣ መጀመሪያ ላይ በጣም ነበር የጠቀመኝ። ግብሩ ስለቀነሰልኝ የቅዳሜ ሥራዬን ተውኩ። ልጄ ቅዳሜ ጠዋት ቅርጫት ኳስ ትጫወታለች፤ እስከዚያ ድረስ አንድም ጨዋታዋን አይቼላት አላውቅም ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን የሁሉም አባቶች አናት የሚዞርበት ደጋፊ ሆንኩ። ዳኛው ሁለት ጊዜ አስጠንቅቆኛል። ልጄ «ዳድ፣ ፕሊስ» እያለች በእጇ ፊቷን ትሸፍናለች። ቅዳሜ ለእኔ ይህ ነበር፤ መኪናዋ ሳትሆን ቅዳሜ ነበረች የተሰጠችኝ።

ሕጉንም አከበርኩ። ከሰንሻይን ዌስት ቤቴ ወደ ሥራ፣ ከሥራ ወደ ቤት። ይህ ይፈቀዳል። ልጄን ትምህርት ቤት ማድረስም ይፈቀዳል፣ ከመንገዴ ከሁለት ኪሎ ሜትር በላይ ካላስወጣችኝ። በጎግል ለካሁት፤ በትምህርት ቤቱ ዋና በር በኩል ከሄድን ልጄ ግብር ይከፈልባታል፣ በኋላው በር በኩል ግን ነፃ ናት። ለሳምንታት በኋላ በር፣ በቆሻሻ ገንዳዎቹ መሃል እንደ ኮንትሮባንድ እያወረድኳት ነበር።

ከዚያ ያቺ እሑድ መጣች። የባለቤቴ ትንሿ መኪና አልነሳ አለችና በዩቷ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ከቅዳሴ በኋላ ግቢው ውስጥ ሰዉ ከበባት። አንዱ ጎማዋን ረገጠ፣ አንዱ በመስኮቷ አንገቱን አስገባ።

«ገዛሃት እንዴ?»

«ኧረ ምን ገዝቼ! የመሥሪያ ቤት ነው።»

ከአፌ የወጣው ይኸው ነው። ለምን እንዳልኩት እኔም አውቃለሁ፣ እናንተም ታውቃላችሁ። አዲስ መኪና ገዛሁ ያለ ሰው መጀመሪያ ዓይን ይበላዋል፣ ቀጥሎ ብድር ይጠየቃል፣ በመጨረሻ «አስመርቃት» ተብሎ በግ ያርዳል። «የመሥሪያ ቤት ነው» ግን ሦስቱንም በአንድ ምት ታስቀራለች። ትሕትናም ናት፣ ብልጠትም ናት። ደግሞስ የሚከፍለው መሥሪያ ቤቱ አይደል? ከእኔ ቆርጦ ቢሆንም።

የረሳሁት፣ እኛ በመጣንበት አገር «የመሥሪያ ቤት መኪና» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ነው። ባለቤት የሌላት፣ ነዳጇ ከምድር የሚፈልቅ፣ ሠርግ የምታደርስ፣ ጤፍ የምታመጣ፣ የሥራ አስኪያጁን አማት ከነሻንጣቸው የምታንሸራሽር የሕዝብ ሀብት ማለት ነው። እሷን አልሰጥም ማለት ስስት ብቻ ሳይሆን እብደት ነው፤ የማን ንብረት ነውና?

ስልኬ ከዚያ ቀን ጀምሮ አላረፈም። ፍሪጅ ጫንኩ። የፍሪጁን ባለቤት ሶፋ ጫንኩ። የሶፋውን ባለቤት የእህት ልጅ አልጋ ጫንኩ። ለገና ከእርሻ በግ ጫንኩ፤ አንዱ በግ የመሣሪያ ሳጥኔ ላይ ያደረገውን እዚህ አልጽፈውም። ተማሪዎች በየሦስት ወሩ ቤት ይቀይራሉ፤ አንዳንዶቹ ቤት የሚቀይሩት እኔ ዩት ስላለኝ ብቻ ይመስለኛል።

«ሥራ ላይ ነኝ» እላለሁ።

«ችግር የለም፣ ስትወጣ።»

«ነዳጅ…»

«እሱንማ መሥሪያ ቤት ይሞላዋል!»

አንድም ሰው የነዳጅ ልስጥህ ብሎኝ አያውቅም። ለምን ይላል? ምግብ ግን ይሰጡኛል። ከየቤቱ በጎድጓዳ ሳህን እየተሸከምኩ ስገባ ባለቤቴ «የአንተን ደሞዝ በምስር ወጥ ነው የሚከፍሉህ?» ትላለች።

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«የእኔ ናት በላቸው። አምስት ፊደል ናት እኮ!»

«አሁን? ይህን ሁሉ ጊዜ የመሥሪያ ቤት ነው ብዬ? ውሸታም ልባል ነው?»

«አሁን ምን የተባልክ መሰለህ?» አለችና መልሱን ሳትነግረኝ ወጣች።

ፌብሩዋሪ ላይ ደሞዛችንን የምታሰላው የፔይሮል ሴትዮ ጠራችኝ። መጥፎ ሰው አይደለችም፤ ልናደድባት ብዬ ብዙ ሞክሬ አልሆነልኝም። ዩቶቹ ሁሉ ላይ አካሄዳቸውን የሚመዘግብ መሣሪያ ተገጥሟል። ካርታውን በኮምፒውተሯ ላይ ከፈተችው። የእኔ መንገድ ሜልበርንን አዳርሶ፣ ሕፃን ልጅ በእርሳስ የሞነጨረው ይመስላል።

«ይሄ ሜድስቶን ያለው ቦታ ምንድን ነው? እዚያ ደንበኛ አለን?»

«የዕድራችን ዕቃ ቤት ነው። ሰው ሲሞት ወንበር፣ ጠረጴዛ፣ ትልልቅ ድስት የምናቀርብበት ማኅበር ነው።»

«ኦ፣ ስለ ሞተው ሰው በጣም አዝናለሁ።»

«የትኛው?»

ካርታውን እንደገና አየችው። «ይህ ሁሉ… ለቅሶ ነው?»

«ሁሉም አይደለም። ይኼኛው በግ ነው።»

መነጽሯን አወለቀች። ከዚያ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ለግል ጉዳይ የሚሄደው በዓመት ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በታች መሆን አለበት። እኔ ጫፉ ላይ ቆሜያለሁ። የግብሩ ዓመት የሚዘጋው ማርች መጨረሻ ነው። እስከዚያ ሺውን ካለፍኩ የዓመቱ ነፃነት በሙሉ ይነሳል፤ ግብሩ በመሥሪያ ቤቱ ላይ ይመጣል፣ መሥሪያ ቤቱም በፈረምኩት ውል መሠረት ከእኔ ይወስዳል፤ ያውም ግብር ከከፈልኩበት ደሞዝ ላይ። በአማርኛ ስተረጉመው፣ ቅዳሜ ሄደች ማለት ነው።

«ያልተዘወተረ መሆን አለበት ነው የሚለው» አለችኝ።

«ሞት ነው እኮ እመቤቴ! ፕሮግራም አያወጣም። ከዚህ የበለጠ ያልተዘወተረ ነገር ምን አለ? እያንዳንዱ ሰው አንዴ ብቻ ነው የሞተው!»

ልትስቅ ብላ ተወችው። «ምሳሌ ልስጥህ። አንድ ሰው አልፎ አልፎ የቤቱን ቆሻሻ ጭኖ ቢጥል፣ ምንም ችግር የለውም። ሕጉ ያን ዓይነት ነገር ነው ያሰበው።»

«ቆሻሻ ይፈቀዳል?»

«አልፎ አልፎ፣ አዎ።»

«የለቅሶ ወንበርስ?»

«እሱ… ተደጋግሟል።»

ከቢሮዋ እየተነጫነጭኩ ወጣሁ። ይህን ሕግ የጻፈው ሰው ዘመድ የለውም! ጎረቤት የለውም! ቤት አለው፣ ሥራ አለው፣ ቆሻሻ አለው፣ በቃ። ሕይወቱ ይኸው ነው። ጠዋት ይሄዳል፣ ማታ ይመለሳል፣ ወር ሲደርስ የተሰበረ ወንበሩን ይጥላል። የሞተበት ሰው ካለም በኢሜይል ነው የሚቀብረው። ማንም በሩን አንኳኩቶ «ተነስ፣ እገሌ አርፏል፣ ድስት እንጫን» ብሎት አያውቅም። እኔን ግን ባለ ዘመድ በመሆኔ ግብር ሊያስከፍለኝ ነው።

በሚቀጥለው እሑድ የዕድሩ ስብሰባ ላይ ተነሥቼ ቆምኩ።

«ከዛሬ ጀምሮ ዩቷን ማምጣት አልችልም» አልኩ። «የጥቅማ ጥቅም ግብር የሚባል መጥቶብኛል።»

ሊቀመንበራችን፣ ነጭ ጺማቸውን እያሻሹ፣ «የምን ጥቅም?» አሉኝ። «ዕቃው የተጫነልን እኛ፣ ግብሩ አንተ ላይ?»

«አዎ ጋሼ! በትክክል እሱን ነው የምለው!»

«እንዲህ ያለ ሕግ የለም» ብለው ነገሩን ዘጉት። ፓርላማውን ወክለው ነው።

አንድ የታክሲ ሾፌር ከኋላ «የሚከፍለው መሥሪያ ቤቱ፣ አንተ ምን ቤት ነህ? ለአለቃህ ኪስ ልታለቅስ ነው?» አለ። ሰዉ ሳቀ።

ገንዘብ ያዧ ደግሞ «ቆሻሻ ይፈቀዳል አልተባልክም? ወንበሮቹ ቆሻሻ ናቸው ብለህ አስመዝግባ! ደግሞ ውሸት አይደለም፤ ባለፈው የተቀመጥኩበት ቀሚሴን ነው የቀደደው» አለች። ከዚያ በኋላ ስብሰባው ስለ ወንበር ጥራት ሆነ። አሥር ሰው ቀሚሱንና ሱሪውን እየጠቀሰ መሰከረ። እኔ ቆሜ ቀረሁ። «የእኔ ናት» የምትለዋን ቃል ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር። ዋጥኳት።

ሰኞው በዓል በሆነበት የማርች ረጅም ዊክኤንድ ቅዳሜ፣ ከልጄ ጨዋታ ስንመለስ ሊቀመንበሩ ደወሉ። ካርልተን፣ ረጃጅሞቹ ፎቆች ውስጥ የሚኖሩ አንድ አዛውንት አርፈዋል። ደነገጥኩ። ከሁሉም ሰው፣ አንድም ቀን «ይህን ጫንልኝ» ብለውኝ የማያውቁ እሳቸው ብቻ ነበሩ። እንዲያውም አንድ ቀን ለሥራ ካርልተን ሄጄ ከሚስታቸው ከእትዬ ጋር የተፈታ አልጋ ተሸክመው፣ አንዱን ብረት እሳቸው፣ አንዱን እትዬ ይዘው ትራም ሲጠብቁ አይቻቸው ነበር። እጄን አውለብልቤ አለፍኩ። እንደ ጀነራል ቆመው ሰላምታ መለሱልኝ።

«ዕቃው ዛሬ መድረስ አለበት» አሉ ሊቀመንበሩ።

«ቫን እንከራይ ጋሼ፤ እኔ እፈልጋለሁ።»

ደወልኩ። በዓል ነው፤ በሜልበርን ምድር የቀረ የሚከራይ ቫን የለም። ጋሪ ቢኖር ጋሪ እከራይ ነበር። ሁሉም «ማክሰኞ» ይሉኛል። ሟቹ እስከ ማክሰኞ ይቆዩ እንዴ? ባለቤቴ ስልኩን ሳስቀምጥ አየችኝ፣ ልጄም አየችኝ። ልጄ ሁሉንም ታውቃለች፤ በእንግሊዝኛ «እንግዲህ ቅዳሜ ሥራ ልትገባ ነው?» አለችኝ። «ዝም በይ!» አልኳት። አጥፍታ አልነበረም። ቁልፉን አንስቼ ወጣሁ።

ከሜድስቶን ወንበሩን፣ ጠረጴዛውን፣ ድስቱን ጭኜ ካርልተን ስደርስ፣ ወጣቶቹ ወርደው «ወደ ኋላ! ወደ ኋላ! ትንሽ ግራ!» እያሉ እንደ አውሮፕላን አሳረፉኝ። ተመልሼ ሌላ ጫንኩ። ከዚያ አሁንም ሌላ። በየመንገዱ ያን ቁጥር፣ የኪሎ ሜትሩን ቁጥር፣ እንዳላየው የእጅ መጥረጊያ ጨርቄን ጣል አድርጌበታለሁ። ካላየሁት የማይቆጥር መስሎኝ ይሆናል።

የመጨረሻውን ድስት ይዤ ወደ ፎቁ ምድር ቤት አዳራሽ ስገባ እትዬ ከሴቶቹ መሃል ተነሥተው መጡ። ዓይናቸው አብጧል። ሁለት እጄን ያዙኝ።

«ልጄ፣ ደከምክልን። እግዚአብሔር ያክብርልን፣ ያን መሥሪያ ቤትህን እግዚአብሔር ይባርከው።»

መሥሪያ ቤቴን! ከዙሪያዬ «አሜን! አሜን!» ተባለ። አንዱም «እንዲህ ያለ መሥሪያ ቤት የት ይገኛል?» አለ። ቫኖቹን የሸጠው አለቃዬ፣ በዚያች ሰዓት ምናልባት ባሕር ዳር ቢራውን እየጠጣ፣ የሀበሻ ምርቃት እንደ ዝናብ ይወርድለታል።

«የእኔ ናት!» አልኩ።

ለቅሶ ቤት ውስጥ ነው። ጮኼ ነው። 

«መኪናዋ የእኔ ናት! ከደሞዜ ነው የሚቆረጠው! ነዳጁም፣ ጎማውም፣ ፍሪጃችሁም፣ ሶፋችሁም፣ በጉም! መሥሪያ ቤቱ አንዲት ጠብታ ሞልቶ አያውቅም!»

ሊቀመንበሩ «ታዲያ ለምን የመሥሪያ ቤት ነው አልከን?» አሉ፣ በጣም ዝግ ብለው። የታክሲ ሾፌሩ ከጥግ «እንኳን ደስ ያለህ…» ብሎ ጀመረና የት እንዳለ ትዝ ሲለው አፉን ያዘ። ቆይቶ በጆሮዬ «አላስመረቅካትም እኮ» አለኝ። በድስቱ ክዳን ልመታው ትንሽ ነበር የቀረኝ።

እትዬ ግን እጄን አልለቀቁም። «የአንተ ናት?» አሉኝ።

«አዎ እትዬ። ይቅርታ፣ መጮህ አልነበረብኝም።»

«እኔማ ያን ጊዜ አልጋው ሲመጣ እንጠይቀው ብያቸው ነበር። ‹የመሥሪያ ቤት ንብረት ነው፣ ልጁን ከእንጀራው እንዳናጣላው› ብለው ከለከሉኝ። የአንተ መሆኗን ቢያውቁማ ይጠይቁህ ነበር። ይወዱህ ነበር እኮ።»

ይህን ሰምቶ የሚቆም ሰው ካለ ይቁም። እኔ ወጥቼ ዩቷ ውስጥ ተቀመጥኩ። ለካ ከዚያ ሁሉ ሕዝብ ውስጥ «የመሥሪያ ቤት» የሚለውን ቃል በቁም ነገር የሰሙት አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም ብረት ተሸክመው ትራም ሲጠብቁ እጄን አውለብልቤ ያለፍኳቸው። በማን ልናደድ? በሕጉ ተናደድኩ፣ በሻጩ ተናደድኩ፣ በታክሲ ሾፌሩ ተናደድኩ። ሁሉንም ጨርሼ አንድ የቀረ ሰው ነበር፤ መስተዋቱ ውስጥ ቁጭ ብሎ ያየኛል።

ማርች ሲያልቅ የፔይሮል ሴትዮዋ ጠራችኝና ያለፍኩትን አሳየችኝ። አልተከራከርኩም። የት እንደሄድኩ ጠየቀችኝ፤ «ለቅሶ» አልኳት፣ እንደዚያው መዘገበችው። ግብሩ መጣ። የቅዳሜ ሥራም፣ በሁሉም ቅዳሜ ባይሆን፣ በየተራው ተመለሰ። አሁን ጨዋታ በሌለበት ቅዳሜ ሳይሆን ጨዋታ ባለበት ቅዳሜ ነው ሁልጊዜ ማቀዝቀዣ የሚበላሸው። ሥጋ ቤቶቹ ተማክረውብኛል።

ባለፈው ቅዳሜ ግን ተራዬ አልነበረም። ልጄን በዩቷ ወደ ጨዋታዋ አድርሼ፣ እንደ ድሮው በኋላ በር ሳይሆን በሜዳው ዋና በር ከመኪኖቹ ኋላ ቆሜ ሳለሁ ስልኩ በመኪናው ድምፅ ማጉያ ጮኸ። አንድ ተማሪ ነው።

«ጋሼ፣ ቤት ልቀይር ነበር፤ ፍራሽና ጠረጴዛ ብቻ ናት። ዛሬ ይመችዎታል?»

ልጄ ወደ እኔ ዞረች። አፌ እንደለመደው «ስወጣ…» ብሎ ጀምሮ ነበር። አቆምኩት።

«አይመቸኝም። መኪናዋ የራሴ ናት፤ ዛሬ የልጄ ጨዋታ አለ።»

እርግማኑን ጠበቅኩ፣ ወቀሳውን ጠበቅኩ፣ ለሊቀመንበሩ ሲከሰኝ ታየኝ።

«እሺ ጋሼ፣ ችግር የለም። ጓደኛዬን እጠይቀዋለሁ። መልካም ጨዋታ!» አለና ዘጋው።

እሺ ጋሼ። ችግር የለም። ይኸው ነው! ስንት ፍሪጅ፣ ስንት ሶፋ፣ ስንት ቅዳሜ! መሪውን በቡጢ ስመታው ጡሩንባው ጮኸና የፊታችን ሰውዬ በመስኮት እጁን አውጥቶ ሰደበኝ።

«በቃ? እንደዚህ ብቻ ነው እንዴ?» አለችኝ ልጄ በእንግሊዝኛዋ።

«ምኑ?»

«እምቢ ማለት።»

«ውረጂ፤ ጨዋታሽ ይረፍድብሻል» አልኳትና ስንወጣ በሩን ከሚገባው በላይ ጠርቅሜ ዘጋሁት። የራሴ በር ነው፤ የፋይናንስ ድርጅቱም ቢሆን።